ድቡልቡል ቅቤ በገጽ አሥራ አራት

ጥቅምት 5፣ ሰኞ

ዋና አዘጋጁ የገጽ አሥራ አራትን የታችኛውን ሩብ ለጥቃቅኗ ሰጣት። ከዚህ ቅዳሜ ይጀምራል።

ገጽ አሥራ አራት የመኪና ገጽ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ብቻዬን ጽፌዋለሁ። በየሳምንቱ አንድ መኪና ተቀብዬ እነዳለሁ፤ ስለ መሪው፣ ስለ ፍሬኑ፣ ስለ ማርሹ እጽፋለሁ። ታችኛው ሩብ የነዳጅ ፍጆታ ሠንጠረዤ ቦታ ነበር። ሠንጠረዡ ከአሁን በኋላ በወር አንድ ጊዜ ይወጣል ተብሏል፤ ያውም ቦታ ከተገኘ።

ጥቃቅኗ የምንላት ከጥቃቅን ማስታወቂያ ክፍል ስለመጣች ነው። አርባን አልፋለች። አሥራ ሁለት ዓመት ስልክ እያነሳች ሰው የሚነግራትን የመኪና ሽያጭ በሁለት መስመር ስታሳጥር የኖረች ሴት ናት። አምዷ የየአገሩ ሰው ለመኪና ስላወጣው የምግብ ስም ነው። ዳቦ፣ እንጆሪ፣ እንዲህ ያለ ነገር።

"ደስ አይልም?" አለኝ አዘጋጁ። "ገጹ ትንሽ ፈገግ ይላል።"

"በጣም ደስ ይላል" አልኩት።

ከመታተሙ በፊት አምዷን አንብቤ የምፈርመው እኔ ነኝ። የገጹ ኃላፊ አንተ ነህ ብሏል በራሱ አፍ።

መንጃ ፈቃድ የላትም። የምትመጣው በአውቶቡስ ነው።

ጥቅምት 8፣ ሐሙስ

የመጀመሪያ ጽሑፏ ደረሰኝ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

ሞተሩ ከኋላ ስለሆነው ስለዚያ ሳጥን መሰል የጀርመን ሚኒባስ ነው። ፖርቱጋሎች የቅርጽ ዳቦ ይሉታል ትላለች። ዴንማርኮች ጥቁር ዳቦ። ሩሲያውያን ደግሞ የራሳቸውን ሚኒባስ ወስደው ያልተቆረጠ ዳቦ አሉት። "ሦስት አገር፣ በሦስት ቋንቋ፣ ሳይመካከሩ አንድ ዳቦ ቤት ገቡ" ብላ ትጨርሳለች።

የማረሚያ ወረቀት ሳነብ አንድ ልማድ አለኝ። የተጠራጠርኩት ቃል አጠገብ፣ ጠርዙ ላይ፣ ትንሽ የእርሳስ ነጥብ አደርጋለሁ። ከዚያ መጽሐፍ አያለሁ፣ ስልክ እደውላለሁ፤ ሲጣራልኝ ነጥቧን በላጲስ አጠፋታለሁ። ነጥብ ያለበት ወረቀት ከጠረጴዛዬ ወርዶ አያውቅም። ይህን ታች ገጽ የሚሠሩት ሁሉ ያውቃሉ።

ዛሬ ሰባት ነጥብ አደረግሁ። ሰባቱንም አጠፋሁ። ስህተት አላገኘሁም። አንድ ነጠላ ሰረዝ ጨመርኩ።

የመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር ጥሩ ናት። ብትወጣም ገጹ አይጎዳም ነበር። ተውኳት።

ጥቅምት 10፣ ቅዳሜ

ባለቤቴ ጋዜጣውን ቁርስ ላይ ዘርግታ ነበር። ሳቀች። ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ፣ መነጽሯን አውልቃ፣ ዓይኗን በእጇ ጀርባ እየጠረገች። እንዲህ ስትስቅ መቼ እንዳየኋት ለማስታወስ ሞከርኩ።

"አንተዬ፣ ይህቺ ሴት ማናት?"

"ከጥቃቅን ማስታወቂያ የመጣች ናት።"

"አንድ ዳቦ ቤት ገቡ!" አለችና እንደገና ሳቀች።

ከላይ ያለው የእኔ ጽሑፍ ነው። ስለ አዲሱ የጭነት ፒካፕ። አላነበበችውም አልልም፤ ዓይኗ አልፎበታል።

"የእኔንስ?" አልኩ፣ እንደ ቀልድ።

"ያንተንማ አነባለሁ" አለች። "ግን ያንተ ለሚገዛ ሰው ነው።"

ጥቅምት 13፣ ማክሰኞ

የደብዳቤ ቅርጫት። ለእሷ ሠላሳ ሰባት። ለእኔ አንድ።

የእኔዋ ከጡረተኛው ሹፌር ናት። አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስለ ጎማ ይጽፍልኛል። በዚህ ሳምንት የጎማ አየር ጠዋት ነው ወይስ ከሰዓት በኋላ የሚለካው ይላል። ረጅም መልስ ጻፍኩለት። ከሚገባው በላይ ረጅም።

ጥቅምት 16፣ ዓርብ

መኪና ማቆሚያው ውስጥ ዘበኛው መስኮቴን አንኳኳ።

"ጋሼ፣ ድንቿን ትንሽ ወደ ግራ ያድርጉልኝ። ቲማቲሙ መውጣት አልቻለም።"

"ምኗን?"

"ድንቿን" አለ ኮፈኑን በፍቅር መታ መታ እያደረገ። "ቲማቲሙ የአለቃ ነው። የሒሳብ ክፍሏ ደግሞ ሎሚ። ሁሉንም አውጥተናል።"

ከእነማን ጋር እንዳወጡት አልጠየቅሁም። ወደ ግራ አደረግኋት። መኪናዬ ቡናማ ናት፤ ኮፈኗ ላይ ሁለት ቦታ ጎድጎድ ያለ ነገር አለ። ይህን አውቃለሁ። አሥራ አራት ዓመት ስነዳት ግን እንደዚያ አይቻት አላውቅም ነበር። ወደ ቤት ስሄድ መስታወት ባለው ሕንፃ አጠገብ ሳልፍ ዞር ብዬ አየኋት።

ድንች ናት።

ጥቅምት 17፣ ቅዳሜ

በዚህ ሳምንት የእንጆሪ ቅርጫት ነው። ጣሪያዋ የሚታጠፍ ትንሽ የጀርመን መኪና፣ መሐሏ ላይ እንደ እጀታ የተሻገረ ብረት ስላለ ጀርመኖች እንደዚያ ይሏታል። ሐሙስ ዕለት አምስት ነጥብ አድርጌ አምስቱንም አጥፍቻለሁ።

ባለቤቴ አምዱን በመቀስ ቆርጣ ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጠፈችው። መቀሱ ትንሽ ወደ ላይ ሄዷል። የእኔን የመጨረሻ አንቀጽ ለሁለት ከፍሎታል። ማቀዝቀዣው በር ላይ ከእንጆሪው ቅርጫት በላይ "ፍሬኑ በእርጥብ መንገድ ላይ" የሚል ግማሽ መስመር ይነበባል። ፍሬኑ በእርጥብ መንገድ ላይ ምን እንደሆነ ማንም አያውቅም።

ጥቅምት 20፣ ማክሰኞ

ጡረተኛው ሹፌር ለእሷ ጻፈላት።

ደብዳቤውን ጮክ ብላ ለክፍሉ አነበበችው። ዕድሜውን ሙሉ የነዳትን አውቶቡስ ከጓደኞቹ ጋር "እርጎ" ይሏት እንደነበር፣ ተሳፋሪው ሁሉ ሲናጥ ስለሚውል። አንድ ቀን አንዲት እናት ስትወርድ "ቅቤ ወጣሁ እኮ ልጄ" እንዳለችው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ፤ የሳቅሁ ይመስለኛል።

አሥራ አንድ ዓመት ሲጽፍልኝ ስለ እርጎ ነግሮኝ አያውቅም።

ጥቅምት 21፣ ረቡዕ

እኔስ የማልችለው ለምንድን ነው? ሰው አይደለሁም? መኪና ከእሷ ይልቅ እኔ አውቃለሁ።

ሞከርኩ። በዚህ ሳምንት ስለነዳሁት መኪና፦ "የፊት መብራቱ የተቀቀለ ካሮት ያስታውሳል።"

ደጋግሜ አነበብኩት። ያስታውሳል ወይስ ይመስላል? ይመስላል ይሻላል።

ጥቅምት 22፣ ሐሙስ

ገጽ ሠሪው ከታች ደወለልኝ። አብረን ያረጀን ሰው ነው።

"ስማ ወዳጄ፣ ጽሑፍህ ውስጥ አንዲት ካሮት አለች። ከማብሰያ ገጹ ሾልካ የገባች መስላኝ አወጣኋት። ደግ አደረግሁ?"

"ደግ አደረግህ" አልኩት።

ጥቅምት 27፣ ማክሰኞ

ደረጃው ላይ፣ ከበላዬ ሁለት ሰዎች እያወሩ ይወርዱ ነበር። ድምፃቸውን ለየሁት፤ ስማቸውን እዚህ መጻፍ አልፈልግም።

"ታዲያ ገጹን ለእሷ ከሰጡ ጋሽ ሠንጠረዥ ምን ሊሆን ነው?"

"ጡረታው ስንት ቀረው?"

"ሦስት ዓመት መሰለኝ።"

"ያን ያህል ለካ ወጣት ነው!"

ቆምኩ። የጫማዬን ክር የማሥር መሰልኩ። አልፈውኝ ሲወርዱ "ጋሼ እንዴት ዋሉ" አሉኝ፤ ሁለቱም በአንድ ድምፅ። ጫማዬ ክር የለውም።

ጋሽ ሠንጠረዥ። ይህን ስም ከመቼ ጀምሮ ነው የሚሉኝ? የምግብ ስም እንኳ አይደለም።

ጥቅምት 28፣ ረቡዕ

አዘጋጁ ሁለታችንንም ጠራን። ከታኅሣሥ ጀምሮ ገጽ አሥራ አራት በአንድ ሰው ስም ይወጣል። ወይ እኔ፣ ወይ እሷ። ያልተመረጥኩት እኔ ከሆንኩ ለእሷ እየጻፍኩ እቀጥላለሁ፤ እሷ ከሆነች ግን ወደ ስልኩ፣ ወደ ጥቃቅን ማስታወቂያ ትመለሳለች፤ ቦታዋ እስካሁን አልተሞላም። ውሳኔው ሰኞ፣ ኅዳር 17፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት።

"ሁለታችሁም ያው ናችሁ ለእኔ" አለ። ሲናገር የሚያየው ግን እሷን ነበር። ወይም መስኮቱን። እሷ መስኮቱ በኩል ነው የተቀመጠችው።

ስንወጣ በሩን ያዘችልኝ።

"ጋሼ፣ እኔ ይህን አልጠየቅሁም" አለች።

"አውቃለሁ" አልኩ። አላውቅም።

ኅዳር 1፣ ቅዳሜ

ጄሊ። እንግሊዞች ጥግ የሌላትን አንዲት መኪናቸውን የጄሊ መሥሪያ ቅርጽ እያሉ ያሾፉባት እንደነበር። ሐሙስ አሥራ አንድ ነጥብ አድርጌ ነበር። ከሦስት ሰዓት በላይ ፈጀብኝ። ስህተት የለም። አንዲትም።

ማቀዝቀዣው በር ላይ አሁን አራት አምድ አለ። ወተት ለማውጣት በሩን ስከፍት ሁሉም ይንሻፈፋሉ።

ባለቤቴ እህቷን በስልክ እያወራች ነበር፦ "አዎ፣ እሱ ጋ ነው የምትሠራው። አዎ፣ ያውቃታል እንጂ!" በኩራት ነው የተናገረችው። እሷን ስለማውቃት።

ኅዳር 5፣ ረቡዕ

ጠረጴዛዬ ድረስ መጣች። እጇ ላይ ምንም አልያዘችም፤ ቆማ ቀለበቷን ታዞራለች።

"ጋሼ፣ ነገ የሚደርስዎት ስለ ቅቤ ነው። ይህችን ግን እርስዎ እንዲያዩልኝ ብዬ ነው የጻፍኳት።"

"ሁሉንም አያለሁ።"

"አይደለም፣ ይህችን በተለይ። ይወዷታል።"

ፈገግ አለች። ለምን እወዳታለሁ? እየደለለችኝ ነው። የውሳኔው ቀን ቀርቦ የለ።

ኅዳር 6፣ ሐሙስ

ቅቤ። ሞተሯ ከኋላ የሆነች ከጦርነቱ በኋላ የወጣች ትንሽ ድቡልቡል መኪና። መጀመሪያ ስትወጣ አሸዋማ ቢጫ ቀለም ተቀብታ ስለነበር "ድቡልቡል ቅቤ" አሏት ይላል። ማን? ኢጣሊያውያን፣ ትላለች።

ነጥብ።

ስልኩ ሦስት ጊዜ ጮኸ። ታች ገጹን እየጠበቁ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ሊሞላ ደቂቃዎች ቀርተውታል። ላጲሴ አልተገኘም።

ፈረምኩ።

ኅዳር 7፣ ዓርብ

ነገሩን ትናንት ተቻኩዬ ነው የጻፍኩት። ላስተካክለው።

ያቺ መኪና የፈረንሳይ ናት ብዬ አስቤያለሁ። ማሰብ ግን ማወቅ አይደለም። መጽሐፉ ያለው ቤት ነው፤ ቤት ሄጄ ማየት አልችልም ነበር። ደግሞ ጽሑፉ የእሷ ነው፤ ስሟ ከላይ ተጽፎበታል። እኔ የምፈትሸው በዋናነት ፊደልና ነጥብ ነው። አዘጋጁ "አንብበህ ፈርም" አለ እንጂ "አብረህ ጻፍ" አላለም። አንድ ሰው የአንድ ገጽ ባለቤት ልሁን ካለ የራሱን ሥራ ራሱ ማጣራት አለበት። ይህን ለማንም ቢሆን እላለሁ።

ላጲሱ መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። ሁልጊዜ የማስቀምጠው ቦታ።

መጽሐፉን ቤት ገብቼ አላየሁትም። ምን ይለወጣል? ታትሟል።

ኅዳር 8፣ ቅዳሜ

ባለቤቴ ሳቀች። ቆርጣ ለጠፈችው። "ይህቺ ከሁሉም ትበልጣለች" አለች።

ቡናዬን ይዤ ወደ በረንዳው ወጣሁ።

ኅዳር 10፣ ሰኞ

አርባ ስድስት ደብዳቤ፣ የስልኩን ሳይጨምር። ጡረታ የወጣች የፈረንሳይኛ መምህርት አምዱን በቀይ እስክሪብቶ አርማ መልሳዋለች። ጡረተኛው ሹፌርም ጽፏል፤ በአክብሮት፣ "ልጄ፣ ቅቤዋ የፈረንሳይ ናት" ብሎ።

አዘጋጁ ጠራን። ጋዜጣው ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል።

"ከየት አመጣሽው?" አላት።

"ከድሮ ነገር አነበብኩት" አለች። "ማጣራት ነበረብኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው።"

"ከምን ድሮ ነገር?"

"ከድሮ ነገር።" እጆቿን እያየች ነበር።

ወደ እኔ ዞረ። "አንተስ? አላየኸውም?"

"አላየሁትም" አልኩ።

ቃሉ በቀላሉ ወጣ። እሷ ቀና አላለችም።

"እንዲህ ያለ ነገር ለሚመጣው ሰኞ ውሳኔ ቀላል አይደለም፤ ሁለታችሁም ታውቃላችሁ" አለ አዘጋጁ። ከዚያ ለእኔ፦ "እርማቱን አንተው ጻፈው። ሦስት መስመር። ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ይውረድ።"

ኮሪደሩ ላይ በደንብ ተራመድኩ። ቀና ብዬ። ይህንንም እጽፋለሁ፣ ውሸት እንዳይሆን፦ ቀለል ብሎኝ ነበር። ከጥቅምት 5 ወዲህ ምሳዬን ጨርሼ የበላሁት ዛሬ ነው።

ኅዳር 11፣ ማክሰኞ

ሦስት መስመር ነው፤ ግን ሦስቱም መስመር እንከን እንዳይኖረው ፈለግሁ። ቀለሙ፣ ዓመቱ፣ ሁሉም። ስለ ትናንሽ መኪናዎች ድሮ የጻፍኩት ረጅም ጽሑፍ እንደነበር ትዝ አለኝ። የድሮ ጋዜጣ ክፍል ወረድኩ።

ክፍሉን የምትጠብቀው ሴትዮ ዓመቱን ስነግራት ሳቀች።

"ያው ጥራዝ ነው? እዚያ ጠረጴዛው ላይ አለልህ። አልመለስኩትም፤ ጥቃቅኗ ስለምትመላለስበት።"

"እሷ ምን ታደርግበታለች?"

"ታነባለች። ከሥራ በኋላ፣ እስክዘጋ ድረስ። መቼም የመኪና ፍቅር ይዟታል።"

ጥራዙን ገለጥኩት። በየገጽ አሥራ አራቱ መሐል የአውቶቡስ ትኬት አለ። በየቅዳሜው። ሌላውንም ጥራዝ አወረድኩ፤ እሱም እንደዚያው ነው። የእኔ ገጾች ናቸው። ሠንጠረዦቹ አጠገብ በትንሽ ወረቀት የተጻፈ ነገር አለ፦ "እንዴት አሳጠረው!" ይላል አንዱ። "ከዚህ በላይ ግልጽ መሆን አይቻልም" ይላል ሌላው። ትኬቶቹን መቁጠር ጀመርኩ። አርባ ላይ ስደርስ ተውኩት።

የትናንሽ መኪናዎቹን ጽሑፍ አገኘሁት። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት፣ በእኔ ስም። ትኬቷ እዚያው አለ። አራተኛው አንቀጽ፦

"ኢጣሊያውያን ድቡልቡል ቅቤ የሚሏት ትንሿ መኪና..."

ቆሜ ነው ያነበብኩት። ከዚያ ተቀመጥኩ።

የፈረንሳይ መሆኗን ያወቅሁት በኋላ ነው። መቼ እንደሆነ አላስታውስም። ሁልጊዜ የማውቀው መስሎኝ ኖሯል።

እርማት ወጥቶበት እንደሆነ የቀጣዮቹን ስድስት ወራት ገጾች አገላበጥኩ። የለም። በዚያን ጊዜ አንድም ሰው አልጻፈም። አንድ ደብዳቤ፣ አንድ ስልክ የለም። እሷ ስትሳሳት አርባ ስድስት ሰው ይቆጣል። እኔ ያንኑ ስህተት ስሳሳት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጸጥታ ነው።

በዚህም ቀናሁ። በስህተቷ። ይህን ጽፌ ሳየው አፍራለሁ፤ ግን እውነት ነው።

"በተለይ ይህችን እርስዎ እንዲያዩልኝ" ብላ ነበር። "ይወዷታል" ብላ ነበር።

ኅዳር 12፣ ረቡዕ፣ ጠዋት

እነግራታለሁ። ወይም እጠይቃታለሁ። መጀመሪያ መጠየቅ ይሻላል።

ኅዳር 12፣ ማታ

ምሳ ሰዓት ላይ ክፍሉ ባዶ ሲሆን ጠረጴዛዋ ጋ ሄድኩ። ዕቃዋን በካርቶን እየከተተች ነበር። ሁሉንም አይደለም፤ ኩባያዋንና መዝገበ ቃላቷን።

"ገና ሰኞ አልደረሰም እኮ" አልኩ።

"ቀስ በቀስ ይሻላል ጋሼ። በአንድ ቀን ከሆነ ሰው ያያል።"

"ለምን አልነገርሽውም?"

"ለማን?"

"ለአዘጋጁ። ከእኔ ጽሑፍ እንዳገኘሽው።"

ኩባያውን በጋዜጣ ጠቀለለች። ገጽ አሥራ አራት አልነበረም፤ አይቻለሁ።

"እርስዎ አጠገቤ ተቀምጠው?" አለች። "የሚናገሩ መስሎኝ ጠበቅሁ። ካልተናገሩ ደግሞ ረስተውታል አልኩ። ሃያ ሁለት ዓመት የጻፈ ሰው ሁሉን አያስታውስም።"

ትኬቶቹን አየኋቸው ማለት ፈለግሁ። "በአውቶቡስ ብዙ ትመላለሻለሽ" አልኩ እንደ ሞኝ።

መሳቢያዋን ከፈተችና የታጠፈ ወረቀት አወጣች። የሐሙስ ማረሚያ ወረቀት ነው። ታች አንድ ወር ያቆዩታል።

"ገጽ ሠሪው ነው የሰጠኝ። ላሳየው ይገባል ብሎ ነበር፤ ለአለቃ ማለቱ ነው። እኔ ተው አልኩት።"

ዘረጋችው። ፊርማዬ ከታች አለ። "ኢጣሊያውያን" ከሚለው ቃል አጠገብ፣ ጠርዙ ላይ፣ ነጥቧ አለች። ትንሽ፣ ክብ፣ ጥቁር። ምንም ዓይነት ሰው ሊሳሳትባት አይችልም።

"ነጥብዎን አውቃታለሁ" አለች። "ስልክ ላይ እያለሁም ወረቀቶችዎ በእኛ ክፍል በኩል ነበር የሚያልፉት። ጋሼ ነጥብ አድርገው ሳያጠፉ አያውቁም። ሳያት፣ አሟቸው ይሆናል አልኩ። በዚያ ሳምንት ፊትዎ ጥሩ አልነበረም።"

ፊቷን አየሁት። ፌዝ ፈለግሁበት። ሦስት ጊዜ እንደማነብ ያህል አየሁት። አላገኘሁም።

"ይዘውት ይሂዱ" አለችኝ። "እኔ ምን ያደርግልኛል።"

ያዝኩት። አመሰግናለሁ ማለቴን እርግጠኛ አይደለሁም። ወጣሁ። ዘበኛው "ጋሼ፣ ድንቿ ዛሬ ጎማዋ ቀንሷል" አለኝ፤ እሺ አልኩት። ሳልነፋ ነዳሁ። አየሩ ባነሰ ጎማ አትንዱ ብዬ ስንት ጊዜ ጽፌያለሁ።

ቤት ስደርስ ባለቤቴ ወረቀቱን እጄ ላይ አየችው።

"ምንድን ነው?"

"የሥራ ነው።"

"የቅቤዋ ነው?" አለች። አንዱን ወገን አነበበችና ነጥቧን በጣቷ ነካቻት፤ አቧራ መስሏት ልታራግፋት። አልተራገፈችም። ከዚያ ወደ እኔ ቀና ብላ ረጅም ጊዜ አየችኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት አብራኝ ኖራለች፤ በቤታችን የግብይት ዝርዝር ላይ እንኳ እነዚህን ነጥቦች ታያለች።

ወደ ማቀዝቀዣው ሄዳ የተለጠፉትን አቃናቻቸው፤ ከዚያ ወጥ ታማስል ጀመር። ጀርባዋን ሰጥታኝ እያለች፦

"ያንተ የቆየው ጽሑፍ፣ ስለ ትናንሽ መኪናዎቹ፣ ያኔ አንብቤው ነበር" አለች። "ጥሩ ነበር። ቅቤዋን አስታውሳለሁ።"

"ስህተት ነበረው" አልኩ።

"እኔ ምን አውቃለሁ" አለች። "ስቄ ነበር።"

ሳቃ ነበር። ያኔ አልነገረችኝም፤ ወይ ነግራኝ አልሰማኋትም።

አሁን ጠረጴዛው ላይ ሁለት ረቂቅ አለ።

አንደኛው፦ "ባለፈው ቅዳሜ በገጽ አሥራ አራት 'ድቡልቡል ቅቤ' የሚለውን ስም ያወጡት ኢጣሊያውያን ናቸው ተብሎ የወጣው ስህተት ነው። ፈረንሳውያን ናቸው። አንባቢን ይቅርታ እንጠይቃለን።" ልክ ሦስት መስመር። ምንም ውሸት የለበትም። አዘጋጁ የጠየቀኝ ይህንኑ ነው።

ሁለተኛው ስድስት መስመር ነው። ስህተቱ መጀመሪያ የወጣው ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት በእኔ ስም እንደሆነ ይላል። የአምዱ ጸሐፊ ከዚያ እንደወሰደችው ይላል። የገጹ ኃላፊ ከመታተሙ በፊት እንዳየው፣ ምልክት እንዳደረገበት፣ ሳያጣራም እንደፈረመ ይላል። ስሜን ይላል። ሦስት መስመር ይረዝማል፤ እንዲገባ ከራሴ ጽሑፍ ሦስት መስመር መቀነስ አለብኝ። ቀንሻለሁ። ከፍሬኑ ላይ።

ሁለቱንም ደጋግሜ አነበብኳቸው። ሁለተኛው ላይ አንድ ነጥብ ብቻ አደረግሁ፤ በራሴ ስም አጠገብ። ላጲሱ እዚሁ ነው፤ ከደብተሩ ጎን።

ገጹ ነገ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይወርዳል።